የጽጌረዳ ስድስት አጥሮች

ሥራዬ ሳር መመዘን ነው። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አስራ ዘጠኝ ዓመት አገልግዬ የደረስኩበት ማዕረግ ይኸው ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ቴክኒሻን ነኝ» እላለሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት የመዘንኩት ሳር በሙሉ የጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። አባቷ ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር ናቸው፤ እሷ ግን ሲቀላ ሰፈር ተወልዳ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተጨቃጭቃ መብቷን የምታስከብር የአርባ ምንጭ ልጅ ናት።

በሠላሳ አራት ዓመቷ ተማሪ መሆኗ እናቷን ያንገበግባቸዋል። «እኩዮችሽ ልጅ ያሳድጋሉ፣ አንቺ ሳር ታሳድጊያለሽ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ለማስተርሷ ችግኞች ላይ ያሰረችውን የቆርቆሮ ቁጥር ዝንጀሮ ለቅሞ ጨረሰው። የዶክትሬት ሐሳቧ ኮሚቴ ዘንድ አንድ ዓመት ተኝቶ «ርዕሱ ይጥራ» ተብሎ ተመለሰ። መኪና ለማስፈቀድ አራት ፊርማ ያስፈልጋል፤ አራተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ እኔና እሷ ሚዛንና ማጭድ ተሸክመን በሚኒባስ ወደ ዶርዜ እንወጣለን፤ ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት።

ጥናቷ ለመናገር ቀላል ነው። ከብት ባይገባበት የጋራው ግጦሽ ላይ ምን ያህል ሳር፣ ምን ዓይነት ሳር ይመለሳል? ምንጭ አጠገብ ስድስት ቦታ አጠረች፤ አንዱ አጥር ከሁለት አልጋ ብዙም አይሰፋም። በየዓመቱ ጥር ላይ ከየአጥሩ አጭደን፣ በወረቀት ከረጢት አድርገን፣ አድርቀን እንመዝናለን። ሦስት ዓመት መሙላት አለበት፤ ሁለቱ ሞልቶ ነበር። የትምህርት ጊዜዋ የመጨረሻ ማራዘሚያ ደግሞ በሰኔ ያልቅ ነበር። ያለፈው ጥር ካመለጣት ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ ነው ማለት ነበር።

መሬቱን ያስፈቀዱላት አባባ ካሱ የሚባሉ የአገሬው ሽማግሌ ናቸው። ባለከብቱን ሰብስበው «የዚህችን ልጅ አጥር የነካ ከእኔ ጋር ነው» አሉ። ሦስት ዓመት አንዲት በግ እንኳ አልገባችም።

ባለፈው ጥር ስንደርስ ሦስቱ አጥሮች ተላጭተዋል። ሳሩ በማጭድ፣ በወግ በወጉ፣ እስከ ሥሩ ታጭዷል። የአጥሩ በር ሳይቀር ተመልሶ በሽቦ ታስሯል! ጽጌረዳ ደብተሯን መሬት ላይ ወረወረችው። እኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ ይህ ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ጎረቤት መንደሮች በድንበር ተጣልተው፣ ሰው ቆስሎ፣ ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ሽማግሌዎቹ መሃል ገብተው ተንበርክከዋል። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ ሰው የለም። በጥር ግን፣ ከብቱ ግጦሹን አፈር ባስመሰለበት ወር፣ እርጥብ ሳር የት ይገኛል?

«አባባ፣ ምነው ሳይጠይቁኝ?» አለቻቸው።

አባባ ካሱ ግራ ገባቸው። «ምኑን ልጠይቅ ልጄ? ሦስት ዓመት ሳር ጠበቅሽ። ለከብት አልሰጠሽ፣ ለቤት ክዳን አላደረግሽ። ለእርቅ ካልሆነ ሰው ሳር ለምን ይጠብቃል? እኛ እኮ መርቀንሽ ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥናቱን ስናስረዳቸው፣ እሳቸውም «እሺ፣ ጥሩ» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የገባቸው ይህ ኖሯል!

አማካሪዋ ዶክተር ይፍሩ በስልክ ተስፋ ሰጣት፤ የቀሩት ሦስቱ ካልተነኩ ጥናቱ ይድናል። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር «ነገ በጠዋት እናጭዳለን» ተባባልን። ወደ ማረፊያችን ስንሄድ ጽጌረዳ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ መንደሩም አየ። ያን ማታ በእጅ ባትሪም ቢሆን ማጨድ ነበረብን። እዚያ አገር አንድ ሰው ተቀይሞ እንዳደረ እያወቁ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር መሆኑን እኔ፣ ይህን ያህል ዓመት የኖርኩት፣ እንዴት ረሳሁ?

በማግስቱ ከረጢቶቻችንን ይዘን ስንወጣ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ከኋላቸው በዚያው ሳምንት የታረቁት የሁለቱ መንደር ወንዶች፤ ከመቶ አያንሱም። ሁሉም ተንበርክከዋል። ሁሉም እጅ ላይ እርጥብ ሳር አለ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

«አስቀይመንሻል ልጄ፣ ይቅር በይን» አሉ አባባ ካሱ።

ጽጌረዳ ሳሩን አየችው። «ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከቀሩት ከሦስቱም ነው። ሌላ የት አለ?»

«ጋሽ ሽበሺ፣ ይሰማሉ?» አለችኝ።

«ተይው ልጄ፤ ማንም ሰው አልሞተም» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ሞቻለሁ እኮ አባባ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከመቶው ሰው አንድ የተነሳ የለም። አባባ ካሱ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሳሩ ግን ከእጃቸው አልወረደም። እንዳትመልስላቸው ፈለግኩ፤ ትንሽ ይንቀጥቀጡ ብዬ ተመኘሁ፣ አልዋሽም። እሷ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይነሱ አባባ። ይቅር ብያለሁ።»

በሰኔ ስሟ ከመዝገብ ተሰረዘ። ሁለቱ መንደሮች እስከ ዛሬ ጠጠር አልተወራወሩም። እኔ ግን እንደተናደድኩ አለሁ፤ በማን እንደምናደድ ብቻ እስካሁን አላገኘሁትም።