ነጠላ የተጣለባት ካሜራ

«ንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸውን ለባለቤታቸው አያወሩም። አንተ ባሕር ዳር ተጎልተህ ኑዛዜዬን ትሰማለህ?»

እማማ ባንቺዓለም የሚቆጡት ግድግዳው ላይ ያለችውን ካሜራ ነው። ካሜራዋም በልጃቸው በየኔሰው ድምፅ ትመልሳለች።

«አውቄ አይደለም እማዬ። ምሳ በልተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ስከፍተው ነው።»

«ሰምተህስ ለምን አልዘጋኸውም?»



እማማ ሞጣ ገበያ ቅቤ ሲነግዱ ያረጁ፣ የቢቸናን ቅቤ አሽትተው የላሚቱን ጠባይ አውቃለሁ የሚሉ ሴት ናቸው። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ዋሉ። የኔሰው ጎረቤታቸውን ዘሚራን በደሞዝ አስታማሚ አደረገ፤ በዘሚራ ላይ ደግሞ ካሜራ ሰቀለ። ለማን ምን እንደምታሳይ የጠየቀ የለም። ዘሚራ ብቻ ገላቸውን ስታጥብ ነጠላ ትጥልባታለች።

ዛሬ ቄስ ወልደ ሰንበት ለኑዛዜ ሲመጡ እንደ ወጉ ቤቱ ተለቀቀላቸው። ዘሚራም ካሜራዋን ሸፍና ወጣች። ዓይኗ ሲሸፈን ጆሮዋ እንደሚቀር ማን ጠርጥሮ?

«ልጄ እንዲመጣልኝ፣ ሳይብስብኝ ባሰብኝ እያልኩ ዋሸሁ» አሉ እማማ።

ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሳይሉ፣ ከነጠላው ሥር «ውሸት ነበር እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የኔሰው መሆኑን ሲረዱ ግን ላባቸውን ጠረጉ።

«ስግደቱን ዳሌሽ አይችለውም። ቀኖናሽ ሁለተኛ አለመዋሸት ነው» ብለው ወጡ። ጠቡ ከዚያ በኋላ የተነሣ ነው።

«ካሜራውን አላነሣም» አለ የኔሰው። «ብትወድቂ ማን ያይልኛል?»

«ዘሚራ አለችልኝ አይደል? ደግሞ እናቱን ማየት የፈለገ ሰው ይመጣል እንጅ አጮልቆ አያይም።»

የወሩ መጨረሻ ደረሰ።

«እማማ፣ የኢንተርኔቱን ሂሳብ ሄጄ ልክፈል?» አለች ዘሚራ።

እማማ ትንሽ አሰቡ። «እግርሽን አታድክሚ፣ ልጄ።»

«ቢጠይቀኝስ?»

«እውነቱን ንገሪው። እዚህ ቤት መዋሸት ተከልክሏል።»

ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ካሜራዋም አብራ ጠፋች። የኔሰው ደወለ፤ ዘሚራም «ደህና ናቸው፣ ሂሳቡን ስላልከፈልን ነው» አለችው። ግን ማየት የለመደ ሰው በመስማት ብቻ አያምንም። በማግስቱ ከሚኒባስ ወርዶ እያለከለከ ገባ። እናቱ ትራስ ተደግፈው ከዘሚራ ጋር ይሳሳቃሉ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩ። ደህና ነኝ።»

ከምሳ በኋላ «ሂሳቡን ከፍዬ ልምጣ» ብሎ ተነሣ።

«እግሬን ትንሽ እሽልኝና ትሄዳለህ» አሉት።

ቢሮው እስኪዘጋ ሲያሽ ዋለ። ሂሳቡ እስካሁንም አልተከፈለም። የኔሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።