ለወፏ ያጠርንላት እሾህ

በ2008 ዓ.ም. በልግ፣ ዝናቡ በዘገየበት ጊዜ ነው። ሁዳዴ ነበር።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጅግጅጋ

ከልጄ ከሰላም ጋር ወደ ቶግ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፎች ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ ከጅግጅጋ ሜዳ ውጪ እምብዛም በማትገኝ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎጆ አግኝታለች፤ ሦስት ጫጩቶች አሉበት። ከጎጆ እስኪወጡ ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል ትላለች።

ሾፌሩ አብዲ በመስታወት አየን። «ማዘር፣ ለወፍ ነው ይህ ሁሉ መንገድ? ዶሮ ገበያ ሞልቶ!»

«ጾም ነው» አልኩት። ሳቀ።

አንድ ሰዓት፣ መንገድ ላይ

በመንገዱ ግራና ቀኝ የከብት ሬሳ፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ደርቋል። የታረሰ ማሳ፣ ያልበቀለ ዘር፣ አቧራ።

ሰላም በውቅያኖስ መካከል ስላሉ ደሴቶች አወራችኝ። አይጥና ድመት በሌለበት ብዙ ዘመን የኖሩ ወፎች መሸሽ ስለማያስፈልጋቸው አንዳንዶቹ መብረር ይተዋሉ፤ መሬት ላይ ይፈለፍላሉ። ከዚያ መርከብ ይመጣል፤ አይጥ ይወርዳል።

«የት ይሂዱ? ዙሪያው ባሕር ነው።»

«የኛዋ ትበር የለ?»

«ትበራለች። ግን ከሣር ሌላ ቤት የላትም። ዙሪያዋ እርሻና ቁጥቋጦ ነው። ይሄም ደሴት ነው፣ እማ።»

አራት ሰዓት፣ ሜዳው

የተቀበለችን ከብት አርቢዋ ሂቦ ናት። ሰላም «ኤዶ» ትላታለች፤ በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው። የቤተሰባቸውን ሣር ለክፉ ቀን በእሾህ አጥረው ያቆያሉ። የወፏ ጎጆ ያለው እዚያ ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው።

ሻይ ቀዳችልን። «ወተት የለም። ዘንድሮ እኛም ከእናንተ ጋር ጾመናል።»

በር ላይ አንዲት ላም ተኝታለች። አራት ሰዎች በጭራዋና በቀንዷ ይዘው አነሷት። ስትቆም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ከብቱ እንዲግጥ አጥሩ ከሰዓት በኋላ ሊከፈት ነው። ሰላም ለመነቻት። «ኤዶ፣ ትንሽ ቀን ብትታገሡን...»

«ለላሚቱ ንገሪያት። እሺ ካለች እኔም እሺ።»

ሰላም ላሚቱን አየቻት።

ዘጠኝ ሰዓት

አጥሩ ተከፈተ። ሰላም ሌላ ጎጆ ካለ ልትፈልግ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደች። እኔ ከጎጆው ራቅ ብዬ እንድቆምና የሚጠጋውን ከብት እንዳባርር ነገረችኝ። ቆምኩ። እናትየው ወፍ ፌንጣ ይዛ ስትመላለስ አየሁ።

ሂቦ መጣች። «እስከ መቼ ልትቆሚ ነው? እኛ ግልገል የምንጠብቀው በእሾህ ነው።»

ልክ መሰለኝ። ከፈረሰው አጥር የግራር ቅርንጫፍ ጎትተን በጎጆው ዙሪያ አቆምን። እጃችን ደማ። ሥራችን ደስ አሰኘኝ።

ሰላም ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል፤ ሌላ ጎጆ የለም።

«የኛዋስ?»

«ቦታዋን አስከብሬላታለሁ፤ አትጨነቂ» አልኳት። ጠዋት ላሳያት ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት

ሂቦ ቤት አድረን፣ ከጸሎት በኋላ ብቻዬን ወደ ጎጆው ሄድኩ። አንድም ከብት ወደ እሾሁ አልቀረበም። ግን በዚያ አካባቢ ከጉልበት በላይ ከፍ ያለ ነገር እኛ ያቆምነው ብቻ ነበር። ቁራ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ማረፊያ ሠርተን፣ ጎጆውን ከላይ እንዲያይ አድርገንለታል። ስጠጋ በረረ። ጎጆው ባዶ ነው። እናትየው ፌንጣዋን እንደያዘች ዙሪያውን ትሮጣለች።

ትናንት ያነሷት ላም በእግሯ ቆማ ትግጣለች። ስለ እርሷ ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ከልቤ ነው።

እሾሁን ነቀልኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። ሰላም ተኝታለች። ከብት ረገጠው ብላት ታምነኛለች።

ቀሰቀስኳትና «ጫጩቶቹን ያስበላሁት እኔ ነኝ» አልኳት።