የጎደሉት ሰባት ደቂቃዎች

ባለፈው ወር ሜፕልዉድ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ የመስሚያ መሣሪያ ላስገጥም ሄድኩ። ቀጠሮውን የያዘችው ልጄ ናት፤ ቴሌቪዥኑን ከእኛ ይልቅ ጎረቤት ነው የሚሰማው ብላ። ወጣቷ ባለሙያ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሻጥ አድርጋ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና፣ መሣሪያው የማያስፈልገኝን ድምፅ ራሱ ለይቶ እንደሚቀንስልኝ ነገረችኝ። የማያስፈልገኝን ማን ነገረው ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ልጄም በለመደችው እንግሊዝኛ፣ "አባዬ፣ እባክህ አሁን አትጀምር" አለችኝ።

አልጀመርኩም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ የጎማውን ድምፅ ስፈልግ ነበር፤ የለም። እሱን ካጠፋ ሌላስ ምን አጥፍቶ ይሆን እያልኩ እጄ ወደ ጆሮዬ ሲሄድ ልጄ በጎን እያየችኝ ነበር። ባለቤቴ "ተጠራጣሪ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ሙያዬም አልረዳኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ድምፅንና ሌላውን ሞገድ ሁሉ በሂሳብ ስመረምር፣ ከጫጫታ መሀል ቁም ነገሩን ስለቅም ነው። ገና ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ሙያ አንድ ሰው ላይ ያደረስኩት በደል አለ። ያን ቀን ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምማረው ሚኒያፖሊስ፣ የምኖረው ሴንት ፖል፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ባቡሩ ገና አልተዘረጋም፤ ጥር ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ቅንድቤ ላይ በረዶ ይሠራ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ሳሙኤል ታክሲ ይነዳል። ደግ ልጅ ነው፤ ጉድለቱ የበላበትን ሳህን አለማጠቡ ብቻ ነበር።

የእድራችን ኮሚቴ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ይሰበሰባል። ጸሐፊው ጋሽ ታደለ ናቸው። አገር ቤት የፍርድ ቤት መዝገብ ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው። ስብሰባውን በድምፅ መቅጃ ይቀርጹና ቃለ ጉባኤውን ቤታቸው ቁጭ ብለው እየሰሙ ይጽፋሉ። ችግሩ ምድር ቤቱ ነው። የጣሪያው ቱቦ መብራቶች ያጉረመርማሉ፤ ማሞቂያው ሲነሳ ደግሞ የሰው ድምፅ ይዋጣል። ስለዚህ ቅጂውን አስቀድመው ለእኔ ይልኩልኛል፤ እኔ አጽድቼ እመልስላቸዋለሁ። የኮሚቴ አባል አልነበርኩም፤ ለእድሩ የማዋጣው ጉልበቴ ይሄ ነበር።

የመብራትን ጉምጉምታ ያስተዋወቀኝ አባቴ ነው። መርካቶ ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ሱቁ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የታመመ ሬዲዮ ሲያበራ ጆሮውን ዝቅ ያደርግና፣ "ይሄ ጣቢያው አይደለም፤ መብራቱ ነው የሚዘፍነው" ይለኝ ነበር። አገር ቤት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል፤ እዚህ ስልሳ ጊዜ ነው። እዚህ የገባሁ ሰሞን የመብራቱ ድምፅ ቀጥኖብኝ ግራ ገባኝና በስልክ ነገርኩት። "ለካ እነሱ ጋ መብራቱም ይቸኩላል" ብሎ ሳቀ።

ጉምጉምታውን ማውጣት ያን ያህል አያስቸግርም። ማንኛውም ድምፅ የብዙ ሞገዶች ድምር ነው። ሂሳቡ ድምሩን ይበትንና እያንዳንዱ ሞገድ ምን ያህል እንዳለበት ይነግርሃል፤ ባለሙያ ሴት በርበሬ ቀምሳ ኮረሪማው በዝቷል እንደምትለው ማለት ነው። የመብራቱን ሞገድ ለይተህ ካወቅከው፣ እሱኑ የመሰለ ሠርተህ ትቀንሳለህ፤ የሚቀርልህ የሰው ድምፅ ነው።

የዚያ ጥር ቅጂ ግን ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ እምቢ አለኝ። እስከዚያ ጸጥ ብሎ የመጣው በድንገት አጉረመረመና እንደገና ጸጥ አለ። ፕሮግራሜ የመብራቱን ሞገድ እግር በእግር እየተከተለ ሳለ ሞገዱ ዘሎ አመለጠው ማለት ነው። መብራት ደግሞ አይዘልም። በየሰከንዱ የደረሰበትን ነጥብ አውጥቼ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ቀጥ ያለ መስመር ሠራ፤ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ተሰብሯል። ጥፋቱ የመቅጃው ይሆናል ብዬ የቀደሙትን ሦስት ወራት ቅጂዎች በዚያው ሂሳብ አሳለፍኳቸው። ሦስቱም ቀጥ ያሉ ነበሩ። ከዚያ ማሞቂያውን ቆጠርኩ። በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ነበር የሚነሳው፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን በሁለት መነሳት መካከል ያለው አምስት ደቂቃ ብቻ ሆነ። ሰባት ደቂቃ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሂሳቡ የነገረኝ ይህንን ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ጨመርኩበት።

በዚያ ሰሞን እድሩ ውስጥ አንድ ክርክር ነበር፤ ላጤዎች ሙሉ አባል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚል። ይሁኑ ብዬ የሞገትኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታደለ ደግሞ፣ "ላጤ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ቴክሳስ ነው፤ ቀብር ሲመጣ ፈልገህ አታገኘውም" ብለው በሰው ፊት አስቀውብኝ ነበር። ያ ከሆዴ አልወጣም። እንግዲህ ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ተወያይቶ ለእኛ የሚያደላ ነገር ሲነገር ቆርጠው ጥለውታል አልኩ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ገጽ እንዴት እንደሚገነጠል ያውቃል። ይህን ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ደወልኩላቸው። "ጋሽ ታደለ፣ ቅጂው ሙሉ ነው?"

"የላክሁልህ እሱን ነው። ለምን ጠየቅህ?"

"እንዲያው ነው።"

"ኤግዛምህ መቼ ነው?"

በየካቲት የሚጠብቀኝን የትምህርቴን ትልቅ ፈተና ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ወሬ ማስቀየስ ነው ብዬ ይህንንም መዘገብኩባቸው።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ሌክ ስትሪት ካለው የእኛ ሰው ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሳሙኤል ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ የራሱን ብቻ አይደለም፣ የእኔንም። እትዬ ብርቄ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ የኮሚቴ አባል ናቸው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አውርተን አናውቅም። እኒህ ሴት በዚያ በረዶ በአውቶቡስ መጥተው አንድ ድስት ምስር ወጥና በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ በር ላይ ሰጡኝ። ግቡ ብላቸው፣ "ሺፍት አለብኝ፤ አንተ ብቻ ብላ፣ ተኛ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ደረጃውን ወረዱ። አፌን ሊይዙኝ ነው አልኩ። ወጡን ግን በላሁት፤ ጥሩ ወጥ ነበር።

የስልክ ካርድ ገዝቼ አገር ቤት ስደውል የምታነሳው እህቴ አልማዝ ናት። አንድ ጊዜ አባባ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል አለችኝ፤ ሌላ ጊዜ ለቅሶ ሄዷል። አንድ እሑድ ሱቅ ነው አለችኝ። አባቴ እሑድ ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። ለአንድ የመብራት ሞገድ ሦስት ሌሊት ያልተኛሁት ሰው፣ ይህችን እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የየካቲቱ ስብሰባ የጠቅላላ ጉባኤ ነበር፤ ከፈተናዬ ስድስት ቀን ቀድሞ። ወረቀቶቼን በትልቁ አትሜ ሄድኩ። ምድር ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። አጀንዳው ሊነበብ ሲል ተነሳሁና የተሰበረውን መስመር ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ሞገዱን፣ ማሞቂያውን፣ ሰባቱን ደቂቃ አስረዳሁ። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። "ይህን የቆረጠው ሰው እዚህ ተቀምጧል። ምን እንደቆረጠ ለጉባኤው ይንገረን" ብዬ ጋሽ ታደለን አየኋቸው።

ጫጫታ ጠብቄ ነበር። እትዬ ብርቄ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉ ጋሽ ታደለ።

"አልቀመጥም። ይነገረኝ።"

ወደ ሊቀመንበሩ አዩ። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ታደለ ከወንበራቸው ተነስተው መጡና ወረቀቱን ከእጄ ሳይወስዱ ክንዴን ያዙኝ።

"አባትህ አርፈዋል፣ ብሩክ። ወር ሊሆነው ነው። እግዜር ያጥናህ።"

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር? ይሄም ውሸት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ማስቀየሻ። ወደ ሳሙኤል ዞሬ "እውነት ነው?" አልኩት። በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ያኔ ሴቶቹ ለወር ያህል ያፈኑት ለቅሶ ፈነዳ። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ መሀላቸው ቆሜ ነበር።

መርዶ በወጉ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ። ለእኔም ከፈተናው ማግሥት ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ግን መርዶዬን በአደባባይ፣ በገዛ እጄ፣ ከሳሽ ሆኜ ቆሜ ጎተትኩት። ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። ቤታችን ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር። ጋሽ ታደለ በረዶውን ከደጃፋችን እየዛቁ ሰው ያስገቡ ነበር። ፈተናው አለፈኝ፤ በበልጉ ሳይሆን በመኸሩ ተፈተንኩ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ታደለ አንድ ሲዲ ይዘው መጡ። "አላጠፋሁትም" አሉኝ። "ቆርጬ ለብቻው አስቀመጥኩት። የአንተ ነው።" ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ "ስፌቱ አይታይም ብዬ ነበር፤ ጎበዝ ነህ" አሉ።

ሲዲውን ለመስማት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ብቻዬን ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ከፈትኩት። ሊቀመንበሩ የአልማዝን መልእክት ያነባሉ፤ አባባ ማረፉን፣ ብሩክ ፈተናውን እስኪጨርስ እንዳይነገረው። እትዬ ብርቄ ያለቅሳሉ። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ ከፈተናው በኋላ ይሁን ይላል። ከዚያ አንድ ቁጥብ ድምፅ መጣ።

"እኔ አልስማማም። አባቱ ነው። አንድ ቀንም መደበቅ የለብንም፤ ዛሬውኑ እንሂድና ይነገረው።"

ጋሽ ታደለ ነበሩ። ብቻቸውን። ደጋግመው ተናገሩ፤ የቀሩት ስድስት የኮሚቴው አባላት እምቢ አሏቸው። በመጨረሻ "እሺ፣ ብዙኃኑ ካላችሁ እታዘዛለሁ" አሉ። ቅጂውን የሚያጸዳው ልጁ ነውና ይህን አውጣው አሏቸው። እትዬ ብርቄ፣ "ቅጂውን ጭራሽ እንዳታስቀርበት ግን፤ ካልላክህለት ይጠረጥራል" አሉ።

ጉምጉምታውን አላወጣሁትም። እንዳለ ሰማሁት፣ ከነመብራቱ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው የመኪና ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ አስገብተው ሻይ ሰጡኝ፤ ነገሩን ግን ሊሰሙት አልፈለጉም። "አንተ ያየኸው ትክክል ነው፤ ተቆርጧል" ብቻ አሉኝ። በሚቀጥለው ጉባኤ ላጤዎች ሙሉ አባል ሆንን። እሳቸው ያን ጊዜም የተቃውሞ እጃቸውን አወጡ።

ጋሽ ታደለ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ኮሚቴው የተሰበሰበው ስለ ሊዲያ ነበር። ሊዲያ ነርስ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል። እናቷ ሐዋሳ ላይ አርፈዋል። ትገላገል፣ ከዚያ እንነግራታለን አለ አንዱ። ሌላውም እንዲሁ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ፤ ጋሽ ታደለ ያሉትን ልል። ሆዷ ታየኝ፤ ብትደነግጥስ፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆንስ አልኩ። እጄን ከሌሎቹ ጋር አወጣሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ብሆን አልደብቅም ነበር ስል የኖርኩት ሰው፣ ለመደበቅ የፈጀብኝ አንድ ትንፋሽ ነው።

ትናንት ሊዲያ ደወለችልኝ።

"ጋሽ ብሩክ፣ ሰሞኑን ሁላችሁም ትደውሉልኛላችሁ። እማዬን ደግሞ ካገኘኋት ቆየሁ፤ ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ምን ሆናችሁ ነው?"

"ምንም አልሆንንም። አንቺ ብቻ ዕረፍት አድርጊ" አልኳት።

መስመሩ ላይ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ የተናገርኩትን እያገላበጠች፣ የጎደለውን እየፈለገች። እንዳላመነችኝ ገባኝ። ጥርጣሬዬን እንደ አመል ስቆጥረው፣ ባለቤቴንም አዎ ልክ ነሽ ስላት ኖሬ ነበር። ትናንት ግን በዚያች ልጅ ዝምታ ውስጥ ስሰማው፣ ከመካከላችን እናቷን እየፈለገች ያለችው እሷ ብቻ መሆኗን አወቅኩ። "እሺ፣ ጋሼ" አለችና ቀስ ብላ ዘጋችው።