ወደ ጩኸቱ የሚሮጡ ሰዎች

ደባርቅ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የንግድ ሥራ ትምህርት አስተምራለሁ። ከምሰጣቸው ኮርሶች የአንዱ ስም ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ «የአደጋ ስጋት አመራርና የንግድ ቀጣይነት» ይባላል። በቀላሉ ሲነገር ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሱቅ ወይም አንድ ወፍጮ ቤት ክፉ ቀን ሲመጣበት ሰዉንም ሥራውንም እንዴት ያተርፋል? ኮርሱን ሲሰጡኝ ደስ አላለኝም። የቅዳሜ ተማሪዎቼ ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ መንገድ ሲዘጋም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ስልክ ሲቋረጥም ሥራቸውን ሳያቆሙ የኖሩ ሰዎች። እኔ ግን ከመጽሐፍ ያለፈ የማውቀው አልነበረም። ይህን እንዳያውቁብኝ ብዬ ግትር ሆንኩ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ዳቦ ቤት ያላት ሴት ነበረች። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ለሆስፒታሉ በየቀኑ የቁርስ ዳቦ የምታቀርበው እሷ ናት። ውሉ ጥብቅ ነው፤ ዳቦው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፣ አንድ ቀን ከቀረ ውሉ ይፈርሳል። ዳቦ ቤቱ የቆመው በዚያ ውል ነው፤ እሷም፣ ሁለት ልጆቿም፣ ሠራተኛዋም የሚኖሩት በእሱ ነው። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ቀን «ንግዳችሁን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ዋጋ መወደድ ሲያወራ እሷ «አንድ ቀን ዳቦ ማጣት» አለችና ውሉን ነገረችን።

በሦስተኛው ሳምንት መልመጃ እናድርግ አልኩ። መጽሐፉ እንደሚለው የአደጋ ምልክት ሲሰማ ሰው ሁሉ ሳይጯጯህ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል። ደወሉን ብንደውል የዕረፍት ሰዓት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ድምፁ የሚጎላውን አንድ ተማሪ «እሳት ብለህ ጩህ» አልኩት። እሱም የአገሩን አጯጯህ ያውቃልና «ኧረ የሰው ያለህ! እሳት!» ብሎ አቀለጠው።

ተማሪዎቼ ደህና አድርገው ወጡ። እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ ሰፈሩ መጣ። በበሩ መጣ፣ በአጥሩ ዘሎ መጣ። ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች፣ አካፋ የያዙ የመንገድ ሠራተኞች፣ መጥረቢያ ያነሣ ባለ ሥጋ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን የሚሠሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። ሁሉም እየሮጡ ወደ ሕንፃው ገቡ። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ሜዳ ላይ መቆሙ አሳፈራቸውና ተመልሰው ገቡ። በምዝገባ ቀን እንኳ ያን ያህል ሰው ውስጡ አይቼ አላውቅም። መሰብሰቢያው ቦታ ላይ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ልብስ ሰፊው ነገሩ መልመጃ መሆኑ ሲነገራቸው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ መምህር፣ በዚህ ይቀለዳል? ዛሬ በከንቱ አስሩጠኸን፣ ነገ የእውነቱ ሲመጣ ማን ሊደርስልህ ነው?»

አፈርኩና ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ግን በእሳቸው አይደለም፣ ክፍል ገብቼ በተማሪዎቹ ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ አይቆጡና፣ እዚህ አገር ሰው ጩኸት ሲሰማ ወደ ጩኸቱ ነው የሚሮጠው። ውጡ ብንለው አይወጣም። ለሚመጣው ሰው ሥራ ብናዘጋጅለት አይሻልም?»

«መጽሐፉ የሚለውን ሥሪ» አልኳት።

አልሠራችም። የዳቦ ቤቷን ዕቅድ ጽፋ ስታስረክበኝ ገጹ በጎረቤት ተሞልቷል፤ ቆጣሪ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ፣ ሰው የሚቆጥረው ማን እንደሆነ፣ አሸዋ ከማን ግቢ እንደሚመጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ዳባት ካለች ሌላ ባለ ዳቦ ቤት ጋር የተስማማችው ነገር አለ፤ የአንዳቸው ሥራ ቢቆም ሌላዋ ጋግራ በጠዋት መኪና ታደርሳለች። ሁለቱ በስልክ እንጂ በአካል አይተዋወቁም። እኔ በቀይ እስክሪብቶ «ጎረቤት ዕቅድ አይደለም፤ ተፎካካሪም አይታመንም» ብዬ ጻፍኩና ከሃያው ስምንት ብቻ ሰጠኋት። ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ እንዴት እንደምጀነን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስለ ኢንሹራንስ እያስተማርኩ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የዋለው መብራት ድንገት መጣ፤ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው «እሰይ» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ የሴት ጩኸት ተሰማ። የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ነበረች። ባለ ዳቦ ቤቷ ደብተሯን ሳትዘጋ ወጣች፣ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። እኔም ሮጥኩ፤ መሮጤን ያወቅሁት መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን ገመድ አቃጥሎታል። እሳቱ ከገመዱ ተነሥቶ ወደ ጣውላው ግድግዳና ወደ ዱቄቱ ከረጢቶች እየሄደ ነው። ሰፈሩ ደርሷል፤ የገበያ ቀን በመሆኑ የገጠሩም ሰው አለበት። ሁሉም ውኃ ይዟል፣ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። የመብራት እሳት ላይ ቆጣሪ ሳይጠፋ ውኃ መድፋት ሰው ይገድላል። ይህን ራሴ አስተምሬያለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን አፌ አልከፈት አለኝ።

እሷ በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ጢሱ በራሷ ላይ ይወጣል።

«ቆጣሪ ሳይጠፋ ውኃ እንዳትደፉ! በእመቤታችን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታገሱኝ!»

ዱቄቷ እየነደደ፣ ውኃ ይዞ የመጣላትን ሰው መመለስ ምን ያህል እንደከበዳት ፊቷ ላይ ይታያል። አንድ ጎረምሳ ገፍቷት ሊያልፍ ሲል ጀሪካኑን ያዝኩበት። ተጓተትን፤ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። የዚያን ቀን የሠራሁት ጀግንነት ይኸው ነው።

«ጋሼ! ቆጣሪ!» ብላ ተጣራች።

«ጠፍቷል!» አሉ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ጥግ። «ጠፍቷል፣ ልጄ! ድፉ!»

ከዚያ በኋላ ግርግር አልነበረም። ባለ ሥጋ ቤቱ ጣውላውን በመጥረቢያ ቆርጦ እሳቱን ከሚቀጥለው ሱቅ ለየው። ብሎኬት ከሚሠራበት ግቢ አሸዋ በጋሪ መጣ። ሻይ ቤት ያላቸው እናት ሠራተኛዋን አቅፈው «ውስጥ የቀረ ሰው የለም» እያሉ ለሁሉም ይናገራሉ። ለካ ባለ ዳቦ ቤቷ እኔ ስምንት የሰጠሁትን ወረቀት ይዛ ቤት ለቤት ዞራ ኖሯል። እሳቱ ጠፋ፣ ሰውም አልተጎዳም። «ተመስገን» የሚለው ቃል ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር እኔም አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

ይቅርታ የጠየቅኋት እዚያው አመዱ ላይ ቆሜ ነው።

«ይተዉት መምህር» አለችኝ። «የቆጣሪውን ነገር ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ይህን በማለቷ ቀለል አለኝ፤ ግን ገና አላለቀም። ማሽኑ ሞቷል፣ ዱቄቱ ወይ ተቃጥሏል ወይ ረጥቧል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ሆስፒታሉ ዳቦ ይጠብቃል። ዳባት ላለችው ባለ ዳቦ ቤት ደወለች። ሴትዮዋ «እሺ» ስትል ሰማኋት፤ ስንት ዳቦ እንደሚያስፈልግ ሳትነግራት ኔትወርኩ ሄደ። እስከ ማታ ሞከረች፣ አልተመለሰም።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ስደርስ እሷ ቀድማኛለች። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ከጎኗ ባጃጅ አቁማ፣ ዓይኗን ከዳባት መንገድ አታነሣም። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። አንድ ሚኒባስ መጣ፤ ሰው አራግፎ ሄደ። ሌላ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ሁለት በግ ብቻ ነው ያለው። እሑድ ስለሆነ መኪናው ጥቂት ነው። ሰዓቴን እያየሁ፣ ባልጠይቅ የሚሻለኝን ጠየቅሁ።

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ አለቀልኝ» አለች ቀስ ብላ።

የሦስተኛው ሚኒባስ ጣሪያ ሸራ ለብሷል። ሳይቆም የጋቢናው በር ተከፈተና አንዲት ወፍራም ሴት ወረደች፤ ዓይኗ እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

«እሳት ያገኛት የትኛዋ ናት?» ብላ ጮኸች። «ስንት እንደሆነ ሳልሰማ ተቋረጠብኝ፤ ቤት ያለውን ዱቄት ሁሉ ጋግሬ መጣሁ!»

ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። ረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ስለቆዩ እኔና ባለ ባጃጁ ከረጢቶቹን አወረድን። በከረጢቱ በኩል የዳቦው ሙቀት እየነካኝ ባጃጁ ላይ ጫንን። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ለአንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ተቀባይዋ ሠራተኛ እንደ ወትሮው ፈርማ አስገባችው።

በረንዳው ላይ እግራቸው በጄሶ የታሰረ፣ ከበየዳ የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ዳቦው ሲደርሳቸው አማትበው ገመጡ፣ አኘኩ፣ ከዚያ ባለ ዳቦ ቤቷን ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ የዛሬው ዳቦ ጨው አንሶታል።»

የዳባቷ ሴት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን ያዘቻት።

«ነገ አስተካክለዋለሁ፣ አባቴ» አለች። «ነገ» ስትል ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። የራበኝ መስሏቸው መሰለኝ፣ ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጨው አንሶታል። አንዲት ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁት።