የባለመርከቡ ፈገግታ

የላሊበላው መንግሥት ሆቴል ሠራተኞች አዲሱን የምግብ አዳራሽ ኃላፊ «ባለመርከቡ» ይሉታል። ስሙን የጠየቀው የለም። ተዛውሮ የመጣው ከአሰብ ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ወሬው መርከብ ብቻ። የነጭ ኮቱ ቁልፎች ወርቅ ቅብ ናቸው፤ አንዱ ግን ወድቆ በሸሚዝ ቁልፍ ተተክቷል። ሳህን አጣቢዋ አልጣሽ ገና ስታየው ናቀችው። ደረቱን ነፍቶ ሲንጎማለል «ባዶ በርሜል!» ትላለች በሆዷ።

ጠዋት ጠዋት አሰልፎ ፈገግታ ያለማምዳቸዋል።

«መርከባችን ላይ ፊቱን ያጠቆረ ሠራተኛ አይታይም ነበር! ጥርስ አሳዩ!»

«የራበው ሰው በምን ጥርሱ ይስቃል?» አለው አንድ ቀን አስተናጋጁ አረጋ። የሠራተኛው ምሳ ቱሪስቱ ከተነሣ በኋላ የሚመጣ ቀዝቃዛ ሽሮ ነው፤ እሱም አያዳርስም።

«ፈገግታ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፣ ጓድ! የሆድ አይደለም።»

ዛሬ ቱሪስቶቹ ቤተ ጊዮርጊስን ሊያዩ እንደወጡ አልጣሽ የዕቃ ቤቱን በር ገፋ አደረገችው። ባለመርከቡ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ሳህኑን በግራ ክንዱ አቅፎ፣ ፈረንጅ ያስተረፈውን ድንች ሳያኝክ ይውጣል። ሲያያት ደነገጠ። ወዲያው ያ የሚያለማምዳቸው ፈገግታ ፊቱ ላይ በራ፤ ጥርሱ ሁሉ ወጣ፤ ትከሻው ግን ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ተሸማቀቀ።

ያን ፈገግታ ምን እንዳስተማረው አልጣሽ ያኔ ገባት፤ ግን አላዘነችለትም።

«ይጨርሱ፣ ጌታው» አለችው በሩን እየመለሰች፤ «እኔ አልመታዎትም።»