ጥርስ ሠሪው ያቆመው ባለ አንድ ቀንድ አውሬ

ጥርስ ሠሪው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ክሊኒክ ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጦ ለሰው አፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖረ። የሙያው ክፋት ሥራህ ባማረ ቁጥር ማንም የማያይልህ መሆኑ ነው። ሰዓሊ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ አናጺም ወንበሩን ሰው ተቀምጦበት ያያል። የእሱ ድንቅ ሥራ ግን በየሰዉ አፍ ተደብቆ ሥጋ ሲያኝክ ውሎ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያድራል። ደንበኞቹም «ተፈጥሮዬ ነው» ብለው ይምላሉ። ጥበብ ከዚህ የባሰ ውለታ ቢስ ገጥሟት አያውቅም።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረው የሰፈሩ ሲኒማ ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። ለመክፈቻው የተመረጠው ጥርስ ሠሪው በወጣትነቱ አራት ጊዜ ያየው ፊልም ነበር፤ ከሐይቅ ወጥቶ ከተማ የሚያስጨንቅ አውሬ አለበት። በዚያ ዘመን መግቢያው ላይ ቆሞ የነበረውን የአውሬውን ጭንቅላት አይጥ ጨርሶታል። ጥርስ ሠሪው የሲኒማ ቤቱን ኃላፊ አግኝቶ፣ አዲስ ጭንቅላት በነጻ እሠራለሁ፣ የምፈልገው ከሥሩ ስሜ የተጻፈባት ካርድ እንድትለጠፍልኝ ብቻ ነው አለው። ከመሞቱ በፊት አንድ ሥራው እንዲታይለት ነበር ምኞቱ። ኃላፊው ቀልደኛ ቢጤ ነውና አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመረበት፤ አውሬው ትኬት ቆራጯን ካስደነገጠ ይቆማል፣ ካላስደነገጠ ወደመጣበት ይመለሳል።

ትኬት ቆራጯ የድሮዋ ናት። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስትደነግጥ ያያት የለም። ቢላ ይዞ መስኮቷ ላይ ለመጣ ሌባ «ሰልፍ ያዝ» አለችው፣ ሌባውም ያዘ ይባላል።

ጥርስ ሠሪው ግን ሐሳብ አልገባውም። ጭቃና ጄሶ ጥርሴን የነቀልኩበት ነገር ነው አለ። ሰው ጠባቡን ነገር ጠንቅቆ ሲያውቅ ሰፊውንም ያወቀ ይመስለዋል፤ እኛ የተማርነውማ ይህንኑ በሽታ ካባ አልብሰን ነው ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው።

እቤቱ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ባዶ አደረገና የሽቦ አጽም አቁሞ ጭቃ ለበጠበት። ድድ ለመቅረጽ በለመዳት ቀጭን ቢላው ሁለት ሳምንት ሲፍቅ ከረመ። እጁ ሻካራ ነገር ካገኘ አያርፍም፤ የሻከረ ጥርስ ድድ ያቆስላላ። ስለዚህ የአውሬውን ቅርፊት አለሰለሰው፣ የቆዳውን ኪንታሮት ደመሰሰው፣ በመጨረሻም ሠላሳ ሁለት ቀጥ ያሉ ጥርሶች ደረደረለት። አመል ያወጣል ከመሀል። ሚስቱ በሩን ተደግፋ አውሬውን ብዙ አየችው።

«ይሄ ሊበላን ነው የመጣው ወይስ ብድር ሊፈቅድልን?»

ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። በማግስቱ ቆዳውን በድንጋይና በሽቦ ብሩሽ አጎሳቆለው፤ ጥርሶቹንም ነቀለ። ከዚያ ካልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። ከክሊኒኩ ሲሰናበት የሚፈልጋቸው ጠፍቶ ይዞ የመጣቸው፣ ከደንበኞች አፍ የተቀዱ፣ በቁጥር ብቻ የሚታወቁ የጄሶ መንጋጋዎች ነበሩበት። ከነሱ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን መረጠ። የሰውየውን ስም ረስቷል፣ መልኩንም ረስቷል፤ ያልረሳው ንግግሩን ነው። ደንበኛው ሁሉ የተዋናይ ጥርስ ሲለምን፣ ይሄ አንዱ ብቻ የተሠራለትን ቀጥ ያለ ጥርስ መልሶ አምጥቶ፣ ፍንጭቴንና ጠማማ ክራንቻዬን መልስልኝ፣ ያለነሱ ሚስቴ አታውቀኝም ብሎት ነበር። ጥርስ ሠሪው ያንን መንጋጋ ፊቱ አስቀምጦ፣ ሦስት እጥፍ አሳድጎ በጭቃ ቀረጸው። ከአውሬው ሁሉ ሳይጨነቅ የሠራው ይህንን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጄሶ ማልበስ መጣ። በዕድሜው በጥብጦ የሚያውቀው ጄሶ ከአንድ ጭብጥ አያልፍም፤ አሁን ባልዲ ሙሉ በጠበጠ። ጄሶ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይደርቃል። ግማሹ እዚያው ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆነና የሚስቱ ጭልፋ መሀሉ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። እቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የተመረቀው ሐውልት እሷ ናት። በሁለተኛው ባልዲ የአውሬውን ፊትና ማጅራት ለየብቻ አለበሰ፤ ሲደርቅ ጭቃውን አወጣና ባዶውን የጄሶ ቅርጽ ቫዝሊን አስነክቶ ፈሳሽ ጎማ ደራርቦ ቀባው። ጎማውን ከቅርጹ በሚፈለቅቅበት ቀን የአውሬው ግራ ቀንድ እምቢ አለ፤ ቫዝሊን የረሳው እዚያ ላይ ነበር። ሲጎትት ሲጎትት ቀንዱ ተቦጭቆ ቅርጹ ውስጥ ቀረ። ለጠየቀው ሁሉ፣ ከሌላ አውሬ ጋር ሲጣላ ያጣው ነው ይላል። የፍልስፍናም ግማሹ ይኸው ነው፤ የተሰበረውን ሆን ተብሎ የተደረገ ማስመሰል።

ከመክፈቻው አንድ ቀን በፊት አውሬውን አንሶላ አልብሶ በጋሪ ወሰደው። ኃላፊው ትኬት ቆራጯን ከመስኮቷ ጠርቶ ከፊቱ አስቀመጣት። አንሶላው ተነሣ። ቀንዱን አየች፣ የጎደለውንም አየች፤ ዓይኑ ደህና ነው ብላ ልትነሣ አለች። ጥርስ ሠሪው ተስፋ እንደቆረጠ ከኋላ ያሰራትን የመንጋጋ ሽቦ ሳበና የአውሬውን አፍ ከፈተው።

ሴትዮዋ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ኃላፊው «ደነገጠች» ብሎ አጨበጨበ። እሷ አልሰማችውም።

«ጋሼ፣ ይሄን አፍ ከየት አመጡት?»

ስለ ካርቶኑና ስለ ቁጥሩ እየተንተባተበ ነገራት።

«የባሌ ነው» አለች። «ፍንጭቱም፣ ይቺ ጠማማዋም። እሱ ሲሞት ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ ቀርቶ አግኝቼው፣ ተመልሼ አጥልቄለት ነው የቀበርኩት።»

ጥርስ ሠሪው እጁን ወደ አውሬው አፍ ሰደደ። አሁኑኑ ነቅዬ አወጣዋለሁ፣ ካርዱም ይቅር አላት።

«ይተዉት። ብቻ ፊቱን ወደ በሩ ያዙሩልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲለፈልፍብኝ የኖረ አፍ፣ እዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፍጥጦ እንዳያየኝ።»

አውሬው ቆመ፤ ካርዷም ተለጠፈች። በማግስቱ ጥርስ ሠሪው ስሙን ሊያይ ሲመጣ፣ ከስሙ ሥር በሰማያዊ እስክርቢቶ አንድ መስመር ተጨምሮ አገኘ፤ «ጥርሱ የባለቤቴ ነው።» በሕይወቱ ሥራውን ያየችለት አንዲት ሰው ብትገኝ፣ እሷም ለሌላ ሰጠችበት። ካርዷን ላስቀይር እያለ ሁለት ጊዜ ወደ መስኮቷ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ ሰልፍ አስይዛ፣ ትኬት ቆርጣ አስገባችው።