የሀናን ቦርሳ

ጋሽ አባይነህ የቢሯችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። በር ቆልፈው ይነቀንቁታል፤ መንገድ ጀምረው ይመለሱና እንደገና ይነቀንቁታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው ጠዋት ማታ ጸሎታቸው። እኔ ሮማነወርቅ፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ የገዛ ስቴፕለሬን እንኳ አስፈርመው ነው የሚሰጡኝ!

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። የቀድሞው ሒሳብ ሠራተኛ ሲለቅ የሁላችን ኮምፒውተር የተያያዘበት ዋናው ኮምፒውተር ያለበትን ክፍል ቁልፍ ጋሽ አባይነህ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ለማን ሊሰጡ! በየማለዳው የካ ሚካኤል ተሳልመው ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፤ ኮምፒውተሩን ያበሩና ቆልፈው ይወጣሉ።

በዚያው ሰሞን ጉድ መጣ። ጠዋት የይለፍ ቃላችንን እናስገባለን፤ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሱቅ ደርሼ ስመለስም ትዞራለች። ደንበኛው ቆሞ ይጮህብናል።

«ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው» አሉ ጋሽ አባይነህ። ልጅቷ ሀናን ናት፤ በለቀቀው ሰው ቦታ የተቀጠረች፣ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች፣ የታመመች እናቷን የምታስተዳድር። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ፀዳለም አመኗቸው፤ ነገሩ እስከ አርብ ካልጠራ ልትሰናበት ሆነ። ጋሽ አባይነህ ደግሞ ማታ ማታ በር ላይ ቆመው ቦርሳዋን ይበረብሩ ጀመር። «ፍላሽ ደብቃ ይሆናላ!» ይላሉ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። አንጀቴ አረረ፤ ግን ማን ይሰማኛል?

ሐሙስ ባለሙያው ወንደሰን መጣ። ገመዶቹን ፈተሸ፤ ደህና ናቸው። የሀናንን ኮምፒውተር አጥፍቶ የእኔን ሞከረ፤ ያው መዞር ነው። «እንግዲያው ዋናውን ልየው» አለ። ጋሽ አባይነህ ከፈቱለትና ከኋላው ተገተሩ፤ እኔና ሀናን በሩ ላይ ቆመን እናያለን።

«ይሄን ሰዓት ማነው የነካካው?» አለ ወንደሰን የኮምፒውተሩን ሰዓት እያየ።

«እኔ ነኛ! ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ይላል። በእጅ ሰዓቴ አስተካክዬው እሄዳለሁ፤ በነጋታው ተመልሶ ተዛብቶ አገኘዋለሁ። እሷ ናታ በዚያ ፍላሿ የምታዛባው!»

ወንደሰን ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ይሄ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ አንድ ሰዓት ለእሱ ሰባት ነው። እርስዎ ሲያዛቡት ቀስ ብሎ ራሱን ከኢንተርኔት ያስተካክላል። እስከዚያ ግን የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሰዓት ከእሱ ጋር አይገጥምም፤ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፤ ማንንም ቶሎ አያስገቡም።»

ጋሽ አባይነህ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሀናንን። ቁልፋቸውን ይዘው ወደ በሩ አመሩ። እኔ ግን አልቻልኩም፣ «ይበሉ እንግዲህ፣ አሁን የማንን ቦርሳ ይበረብራሉ?» አልኳቸው።

አርብ ጠዋት የእንጦጦ ጭጋግ ደጃችን ድረስ ወርዷል። ሁሉም ኮምፒውተር ወዲያው ወዲያው ተከፈተ፤ ወይዘሮ ፀዳለም ሀናን እንደማትሰናበት ነገሩን። እሷ ግን ገና አልደረሰችም። ጋሽ አባይነህ በር ላይ፣ ሁልጊዜ በሚበረብሩባት ቦታ ቆመዋል። ስትመጣ የራሳቸውን ጥቁር ቦርሳ ሁላችን ፊት ወለል አድርገው ከፈቱላት። ውዳሴ ማርያም፣ ጃንጥላ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ።

«ፈትሺኝ፣ ልጄ» አሉ።

ሀናን እጇን አልሰደደችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይዝጉት፣ ጋሼ። ሰው ፊት ሲከፈት እንዴት እንደሚያሳፍር ካወቁት ይበቃኛል።»

ሊዘጉት ሞከሩ። ዚፑ እምቢ አላቸው። በመጨረሻ እሷው ዘጋችላቸው።